ንባቡ ከእኛ፣ ትርጓሜው ከማን?

እኔ አባል የሆንኩበት የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላቱን ሒሳብ ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ሲነሣ፣ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ወረቀት ቀረበልን። አንደኛው ፕሮግራመር በደመወዝ ብንቀጥር በዓመት የሚያስወጣንን ያሰላል። ሁለተኛው አንድ በግሉ የሚሠራ ወጣት፣ ፍሪላንሰር የሚሉት፣ በኮንትራት ሠርቶ ለማስረከብ የጠየቀው ዋጋ ነው። ሦስተኛው ከባሕር ማዶ፣ ብዙ ባለሙያ ካለው የሶፍትዌር ድርጅት የመጣ ነው፤ ከሁሉም የረከሰውም እሱ ነበር። ሰብሳቢያችን ሦስቱን ጎን ለጎን ደርድረው «እንግዲህ የቱ ይሻለናል?» አሉ። ቤቱ ወዲያው በዋጋ ተከፋፈለ፤ እኔም ለዋጋ ከተከራከሩት አንዱ ነበርኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። የጤፍ ዋጋ ከሦስት ነጋዴ ቢጠየቅ ጤፉ ያው ጤፍ ስለሆነ ማወዳደር ይቻላል። እነዚህ ሦስት ወረቀቶች የሚሸጡልን አንድ ነገር መሆኑን ማን ነገረን?

መጀመሪያ የመጣልኝ ምሳሌ ቤት ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛውን በቀን ቢቀጥር፣ በቁርጥ ቢሰጠው ወይም ለተቋራጭ ቢያስረክብ መጨረሻ ላይ ቁልፉን ይቀበላል። ግንበኛው በማግስቱ አገር ቢለቅ ግድግዳው አይናድም። ጥበቡ በግንበኛው እጅ ቢቀርም ባለቤቱ ያለዚያ ጥበብ ይኖርበታል። ሶፍትዌርም እንዲህ ቢሆን ኖሮ የሚረክሰውን መርጦ ቁልፍ መቀበል ይበቃ ነበር። ነገር ግን የብድር ወለድ ይለወጣል፤ አዲስ መመሪያ ይወጣል፤ ጠቅላላ ጉባኤው የዋስ ብዛት ከአንድ ወደ ሁለት ያሳድጋል። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ መነካቱ አይቀርም። ሶፍትዌር ሰው እየኖረበት የሚፈርስና የሚሠራ ቤት ነው፤ የትኛው ግድግዳ ጣሪያውን እንደ ተሸከመ የሚያውቅ ከሌለ አንዱን ግድግዳ ማንሣት ሁሉን መናድ ይሆናል።

የዴንማርኩ የኮምፒውተር ሊቅ ፒተር ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ነገር ከሥሩ መርምሮታል። አንድ ቡድን ኮምፓይለር ሠራ፤ ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽን ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። ሌላ ቡድን ሥራውን ሊያሰፋው ተነሣ። ኮዱም ማብራሪያውም በሙሉ ተሰጠው፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ምክርም አልነፈጉትም። ሆኖም አዲሶቹ ያቀረቧቸው ለውጦች ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ በውስጡ የያዘውን አቅም ትተው ከላይ የሚለጠፉ፣ ውበቱንና ጉልበቱን የሚያጠፉ ድሪቶዎች ሆኑ። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ይህን ገና ሲያዩት ይለዩታል፤ የተሻለውን መንገድም ከዚያው ከፕሮግራሙ ውስጥ ያወጡታል። ናውር ከዚህ ተነሥቶ የሰጠው ፍርድ ከባድ ነው። ፕሮግራም የሚባለው ከሁሉ በፊት በሠሪዎቹ አእምሮ ያለው ግንዛቤ ነው፤ ኮዱ የእሱ አሻራ ብቻ ነው። ሠሪዎቹ ከተበተኑ ማሽኑ ሥራውን ባያቆምም ፕሮግራሙ ሞቷል።

ይህ ሐሳብ ባዕድ አልሆነብኝም። በአገራችን የአብነት ትምህርት ንባብና ትርጓሜ ድሮውኑ የተለያዩ ናቸው። ተማሪ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ቢወጣው ንባቡን አወቀ ይባላል እንጂ ምሥጢሩን ያዘ አይባልም። ለምሥጢሩ ከመምህር እግር ሥር ይቀመጣል፤ «አንድም» እየተባለ የሚወርደውን በቃሉ ይይዛል። ለዘመናት ብራናው በዕቃ ቤት፣ ትርጓሜው በመምህራን ልብ ኖረ። አራት ዓይና የተባለ ሊቅ ተተኪ ሳያወጣ ያለፈ እንደሆነ ከብራናው አንዲት ፊደል ሳትጎድል ጉባኤው ይታጠፋል። እንግዲህ ኮዱ ብራናው ነው። ሦስቱም ወረቀቶች ብራናውን ሊሰጡን ቃል ገብተዋል፤ ትርጓሜው የት እንደሚያድር የሚናገር ግን አንድም አልነበረም።

«ታዲያ ትርጓሜው ይጻፋ!» የሚል ይነሣል፤ ተገቢ ተቃውሞ ነው። የአንድምታው ትርጓሜም በኋላ ዘመን በጽሑፍ ተሰብስቦ ታትሟል፤ መታተሙም ትልቅ በረከት ነው። ግን ጉባኤ ቤቶቹ በዚህ ምክንያት አልተዘጉም። መጽሐፍ የሚመልሰው ሲጻፍ የታሰበውን ጥያቄ ነው፤ ትናንት ያልነበረ ጥያቄ ዛሬ ሲመጣ ሕያው መላሽ ያስፈልጋል። ስለዚህ መጻፍ ግዴታ ነው እላለሁ፤ ይበቃል ግን አልልም።

ማኅበራችን የኔን ሌሊት አልጠበቀም፤ ለባሕር ማዶው ድርጅት የሙከራ ሥራ ሰጠ። ሥራው በተባለው ቀን ደረሰ፤ አያያዙም ንጹሕ ነበር። ሒሳብ ያዣችን ጳጉሜን 2 ቀን የገባ ቁጠባ ልትመዘግብ ስትቀመጥ ግን የወሩ ዝርዝር ነሐሴ ላይ አልቆ ጠበቃት። ጻፍንላቸው፤ በሁለት ቀን አሥራ ሦስተኛ ወር ጨመሩልን፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደምትሆን እንኳ ራሳቸው አጥንተው አስገቡት። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ለጳጉሜን የሙሉ ወር ወለድ አሰበ። በእኛ ቤት በጳጉሜን የገባ ገንዘብ ለወለድ ከመስከረም ጋር ይቆጠራል፣ ለጳጉሜን ለብቻዋ ወለድ አይታሰብባትም። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን የለም፤ በማንም አልተጻፈም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ የባሰው የስሙ ነገር ነው። ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው ዋስ አይሆኑም የሚል ደንብ አለን። ፕሮግራሙ ቤተሰብን የሚለየው በመጨረሻው ስም ነበር። እኛ ዘንድ የመጨረሻው ስም የአባት ስም ነውና ባልና ሚስት ያለ ችግር ተዋዋሱ፤ አባቶቻቸው ሁለቱም ተስፋዬ የሚባሉ፣ ተያይተው የማያውቁ አባላት ግን ዘመድ ናችሁ ተብለው ተከለከሉ።

ከስብሰባው ውስጥ «አላዋቂዎች ናቸው» ያለ ነበር፤ ይህ ፍርድ ግፍ ነው። ዕውቀቱ የነበረው እኛ ዘንድ ነው፤ እንዳለንም አናውቅም ነበር። ዓሣ ስለ ውኃ እንዲያስረዳ ቢጠየቅ ምን ይላል?

እዚህ ላይ የሮናልድ ኮዝ ጥያቄ ይጠቅመኛል። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1937 ሲጽፍ፣ ገበያው ሁሉን በዋጋ የሚያቀርብ ከሆነ ድርጅት የሚባለው ነገር ለምን ኖረ ብሎ ጠየቀ። መልሱ በገበያ መገበያየት ራሱ ወጪ አለው የሚል ነው፤ ዋጋ ማፈላለግ፣ መደራደር፣ መዋዋል ሁሉ ያስከፍላል። ከዚህ ይልቅ የገረመኝ ስለ ቅጥር ያለው ነው። የቅጥር ውል ዝርዝሩ ሆን ተብሎ ለኋላ የሚተው ውል ነው፤ ወደፊት የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ማወቅ ሲከብድ ሰዎች እንዲህ ይዋዋላሉ። ይህ ከሆነ ቅጥርና ኮንትራት የአንድ ሥራ ሁለት ዋጋ አይደሉም። ኮንትራት የሚገዛው አስቀድመን መናገር የቻልነውን ነው። ቅጥር የሚገዛው ገና መናገር ያልቻልነውን ነው።

በዚህ መለኪያ ባሕር ማዶ ማሠራት መቼ እንደሚያምርም ይታያል። የአሜሪካው ድርጅት ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1985 ሕንድ ውስጥ ባንጋሎር ላይ ቢሮ ከፍቶ ሥራውን በሳተላይት ከአሜሪካ ጋር አገናኘ። የሕንድ ድርጅቶች በብዛት የታወቁት ግን እ.ኤ.አ. 2000 ሲቃረብ ነው። የዓለም ኮምፒውተሮች ዓመትን በሁለት አኃዝ ሲጽፉ ኖረው 00 ሲመጣ 1900 ይሁን 2000 እንዳይለዩ ተፈራ። በዚያ ጊዜ ያ ሁሉ አሮጌ ኮድ መስመር በመስመር መፈተሽ ነበረበት። ሥራው እጅግ ሰፊ ነበር፤ ምን መደረግ እንዳለበት ግን በአንድ አንቀጽ ሊጻፍ ይችላል። ትርጓሜው እንዲህ በወረቀት ሲያልቅ ርቀት አይጎዳም። የእኛ ማኅበር ጉዳይ ጳጉሜንና ዋስትና ነው፤ ገና አላለቀም።

የባሕር ማዶ ሠራተኛ ሲባል ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይታየናል። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ፣ በተከራየው አንድ ክፍል ቤት ተቀምጦ ለአሜሪካ ድርጅት ይሠራል፤ ለእነሱ የባሕር ማዶው እሱ ነው። እኛ ከምሥራቅ አሜሪካ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ስለምንቀድም ስብሰባው ማታ፣ እራቱም እኩለ ሌሊት ነው። ምን እንደሚሠራ ብጠይቀው «ቲኬት ይመጣልኛል፣ እዘጋለሁ» አለኝ። ቲኬቱ ለማን፣ ለምን እንደሆነስ? «አይነግሩኝም። አንዴ ጠይቄ ነበር፤ ለሥራህ አያስፈልግህም አሉኝ።» ይህን ሲለኝ አንገቱን ደፋ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ያመኛል። አንድን ሰው ከምክንያቱ ለይተው እጁን ብቻ መከራየት ሰውነቱን ማሳነስ ነው። ክፉ ንግድም ነው፤ ለምን እንደሚሠራ ያልተነገረው ሰው ስሕተቱን እንኳ ቢያይ ስሕተት መሆኑን አያውቅም። እኛም ለዚያ ድርጅት የላክነው ወረቀት ዝርዝር እንጂ ምክንያት አልነበረበትም። ልጁ ላይ የተደረገውን እኛ ለሌሎች አድርገነዋል።

ስለ ፍሪላንሰሩ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ዋሽንግተን ውስጥ ለቤት አልባዎች የሚከራከር አንድ ማኅበር ጄምስ ሪድ ለሚባል ቀራፂ ሐውልት አሠርቶ ባለመብቱ ማነው የሚል ሙግት ተነሣ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ቀራፂው ተቀጣሪ ስላልነበረ ሥራው በቅጥር የተሠራ አይባልም ሲል ፈረደ። ገንዘብ መክፈል ብቻውን የሥራው ባለመብት አላደረጋቸውም። ሕጉ የእነሱ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ግን ለሁሉ ይሆናል። ኮዱ የማን ነው፣ ሰርቨሩ በማን ስም ተከፈተ፣ የይለፍ ቃሉ ማን ዘንድ ነው የሚለው ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት በውል ካልሰፈረ በኋላ ፍቅር ያበላሻል።

እስካሁን ያልኩትን የሰማ «እንግዲያው በደመወዝ ቅጠሩ» ይለኝ ይሆናል፤ እኔም ለጊዜው እዚያ ደርሼ ነበር። አላረፍኩበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ደመወዙን በብር የሚቀበል ፕሮግራመር፣ ጎረቤቱ በዶላር ሲከፈለው እያየ ከእኛ ማኅበር ጋር ምን ያህል ይቆያል? ቢሄድ አልፈርድበትም፤ እናት አባት የሚጦር ልጅ ነው። በደመወዝ የተቀጠረ አንድ ብቸኛ ሰው፣ ትርጓሜውን ሁሉ በልቡ ይዞ አንድ ሰኞ ካልመጣ፣ ከባሕር ማዶው ድርጅት የበለጠ ይርቀናል። ያን ጊዜ ተሯሩጦ ሰው መጨመርም አያድንም። የአይ.ቢ.ኤም.ን ትልቅ ሶፍትዌር የመራው ፍሬድሪክ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በዘገየ ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል፤ አዲሱን የሚያስተምረው ያው ሥራ የበዛበት ሰው ነውና።

ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥኩት። ሠሪው የት ይቀመጥ፣ በምን ይከፈል ከማለት በፊት፣ ከሠሪው ሌላ ትርጓሜውን የሚይዘው ማነው ማለት ይቀድማል። ይህን ይዤ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሣሁ። ሰብሳቢያችን ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ይህስ ሌላ ደመወዝ አያስወጣንም?» አሉ። አያስወጣም፤ ሰው አለን፣ ሒሳብ ያዣችን ናት አልኩ። እሷ ኮድ አትጽፍም። ማን ለማን ዋስ እንደሆነ፣ የትኛው ብድር ለምን እንደ ተራዘመ ከሃያ ዓመት ወዲህ ያለውን ታውቃለች።

በመጨረሻ ሥራው ለፍሪላንሰሩ ወጣት ተሰጠ። ውሉ ላይ ኮዱ በማኅበሩ ስም በተከፈተ አካውንት እንዲቀመጥ ተጻፈ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከሒሳብ ያዣዋ ጋር ተቀምጦ የሠራውን በአማርኛ እንዲያስረዳ፣ ለዚያ ሰዓትም እንዲከፈለው ሆነ። ይህ ክፍያ ብዙ አከራከረን፤ ከባሕር ማዶው ዋጋ ይበልጥ የራቅንም በእሱ ምክንያት ነው። እኔ እስከ መጨረሻው የተሟገትኩለት እሱን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሲቀመጡ ነበርኩ። ወጣቱ ስክሪኑን ወደ እሷ አዙሮ «ይኼኛው ተበዳሪው ሦስት ወር ካልከፈለ ለዋሱ ያስታውቃል፣ እትዬ» አላት። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለችና «ዋሱ የሞተ እንደሆነስ?» አለችው። ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆመ። «እሱን ማንም አልነገረኝም» አለ። እሷም ከመሳቢያዋ አሮጌውን መዝገብ አወጣች፤ ወንበሩን ሳብ አደረገላት፤ ገጹን እያገላበጠች ከረጅም ዓመት በፊት ከሞቱት አንድ ዋስ ጀመረችለት።