ቁጥር አይነዳም

መካኒኩ ሐሳቡን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ እንኳን አላደረገም። «ስማኝ ወንድሜ፣ ይሄን ከምፈታታ ሙሉ ሞተር ላምጣልህ። በሁለት ቀን ያልቃል፣ ዋጋውም ይቀንስልሃል። ቁጥሩን ፍቀን የድሮውን እንመታበታለን። ሊብሬው አይነካ፣ አባትህ አያውቁ!» ሳቅማማ አየኝና ሳቀ። «ቁጥር አይነዳም እኮ!»

እሺ አልኩት። ቀብድም ከፈልኩ። ይህን ጽሑፍ ያመጣው ያ «እሺ» ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። በያማሃ ዲቲ 125 ክትባት ጭኖ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ገጠር ለገጠር ሲዞር ነው ያሳደገን። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረቶቹን በጨረታ ሲያስወግድ ራሱ ገዛት፤ እኔ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ ብርድ ጠዋት ጠዋት ስትነሳ የምታሰማው ድምፅ ለኔ የትምህርት ቤት ደወል ነበር። እሱ ጡረታ ሲወጣ እሷም ደከመች። ጭሷ በዛ፣ ጉልበቷ አለቀ፣ በመጨረሻም ቢረግጧት ቢረግጧት አልነሳ አለች። «ልሽጣት መሰለኝ» ሲለኝ «ተው፣ እኔ አሠራታለሁ» አልኩና በአይሱዙ አስጭኜ አዲስ አበባ አመጣኋት።

የምፈልገው ከፋብሪካ እንደወጣች ሆና እንድትመለስ ነበር። ሌላ አገር ይሄ ያለ ነገር ነው። ለምሳሌ ሃርሊ ዴቪድሰን አሮጌ ሞተሮችን በወኪሎቹ በኩል ተቀብሎ ፋብሪካ ውስጥ ሲያድስ የቆየ ኩባንያ ነው። በእንዲህ ዓይነት እድሳት ሞተሩ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይለካል። የተበላው ተጥሎ አዲስ ይገባል። ፒስተን፣ ፋሻ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን ሁሉ ይቀየራል። ቁጥሩ የተመታበት የውጪው ብረት ግን ደህና እስከሆነ ድረስ ይቆያል። እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው፤ ያለኝም ፋብሪካ ሳይሆን አንድ መካኒክና አንድ ቶርኖ ቤት ነው።

እስቲ አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ውስጡ በሙሉ የተቀየረ ሞተርና ጭራሽ ሌላ ሆኖ የድሮው ቁጥር የተመታበት ሞተር ልዩነታቸው ምንድን ነው? በሁለቱም አብዛኛው ብረት አዲስ ነው። ሁለቱም ይነዳሉ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር አላቸው። የመጀመሪያውን «እድሳት» እንላለን። ሁለተኛውን ምን እንበለው?

ጥያቄው የቆየ ነው። ፕሉታርክ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴየስን መርከብ እንዴት እንዳቆዩ ጽፏል። የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሱ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ፈላስፎችም «ያው መርከብ ነው» እና «አይደለም» እየተባባሉ ይከራከሩበት ነበር። በ1655 ቶማስ ሆብስ ነገሩን አባሰው። አንድ ሰው የተነሱትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ በነበሩበት ቅደም ተከተል ቢገጥማቸውስ? አሁን ሁለት መርከብ አለ። እውነተኛው የትኛው ነው?

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይሄን ሳነብ «ሥራ የፈታ ሰው ጥያቄ» ብዬ አልፌው ነበር። ቀብድ በከፈልኩ ማታ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የድሮውስ ሞተር የት ይሄዳል? በማግስቱ ደውዬ ጠየቅኩት። «እሱማ እኔ ጋ ይቀራል። አንድ ቀን ይሠራል፣ ለሌላ ሰው ይሆናል» አለኝ።

ሆብስ ጋራዥ ገባ ማለት ነው! አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት ሞተሮች ከተማ ውስጥ ሊዞሩ ነው። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ሁለት የተለያዩ ሰዎች በአንድ መለያ ቁጥር ዳታቤዝ ውስጥ ሲገቡ ምን እንደሚፈጠር አውቃለሁ። መጀመሪያ ምንም አይፈጠርም። ሁሉም ይሠራል። ከስድስት ወር በኋላ የአንዱ ዕዳ ሌላው ላይ ይወጣል፣ ማን እንዳበላሸው የሚያውቅም አይገኝም።

በአማርኛ ሙሉዋን ሞተር ሳይክል «ሞተር» ነው የምንላት። «ሞተር ገዛሁ»፣ «በሞተር መጣሁ» እንላለን። ቋንቋችን እንዲህ ሲል ልቧን ለይቶ መጥራቱ ይመስለኛል። በአሜሪካም የሆነ ዘመን ሕጉ ራሱ እንዲያ ያስብ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1970 ሞዴል በፊት የተሠሩ ሃርሊዎች ሻንሲ ላይ መለያ ቁጥር አይመታም ነበር፤ የሞተሩ ቁጥር ራሱ የሞተር ሳይክሉ መታወቂያ ነበር። የኛ ሊብሬ ሁለቱንም ይይዛል፣ የሻንሲውንም የሞተሩንም።

ስለዚህ ቁጥሩ ጌጥ አይደለም፣ ቃል ነው። «ይሄ ብረት ከዚህ ቀን ጀምሮ ከዚህች ሳይክል ጋር ነበር» የሚል ቃል። ውስጡን ስትቀይሩ ቃሉ አይፈርስም፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ፒስተኑ አዲስ ነው ወይም አሮጌ ነው አላለም። ሌላ ብረት ላይ ስትመቱት ግን ያልሆነ ታሪክ እያስመሰከራችሁት ነው። ልዩነቱ ስንት ኪሎ ብረት ተቀየረ የሚለው ላይ አይደለም። ለውጡ የተነገረ ነው ወይስ የተደበቀ የሚለው ላይ ነው።

የሰፈራችንን እድር አስቡት። ከመሠረቱት ሽማግሌዎች አንድም በሕይወት የለም። ድንኳኑ ተቀይሯል፣ ብረት ድስቱ ተቀይሯል፣ ዳኛው ስንት ጊዜ ተቀይሯል። እድሩ ግን ያው እድር ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ሞተ የሚለው መዝገብ አልተቋረጠማ።

መካኒኩን ክፉ ሰው አድርጌ ላቅርበው አልፈልግም። ለእሱ ይሄ ብልሃት ነው። ዕቃ በማድረስ የሚያድር ልጅ ሞተሩ ሲነክስበት ነገ ጠዋት ሥራ መግባት አለበት። የሞተር ለውጥ በሕጋዊ መንገድ አስመዝግብ ብትሉት የሚጠፋው ቀን የቤት ኪራዩ ነው። እኔ ደመወዜ ወር ጠብቆ የሚገባልኝ ሰው ሆኜ በሐቀኝነት ላይ ንግግር ባደርግለት ይስቅብኛል። ልክም ነው። ግን የተሰረቀ ሞተር «ንጹሕ» የሚሆነውም በዚያው መሮና በዚያው መዶሻ ነው። መዶሻው የቸገረውን ሰውና ሌባውን አይለይም። እኔ ደግሞ አልቸገረኝም ነበር፤ የቸኮልኩት ሰነፍ ስለሆንኩ ነው።

ተመልሼ ሄድኩና «ይፈታ» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፣ ግን ፈታው። ቴስታታው ሲነሳ የፒስተኑ ራስ ጥቀርሻ ለብሷል። በጨርቅና በቤንዚን ሲጠርገው ከሥሩ ቁጥር ብቅ አለ፦ 50።

«ይኸው!» አለኝ፣ ደስ እያለው። «ኦሪጅናል ኦሪጅናል ስትለኝ ነበር፤ ይሄ እኮ አንዴ ተሠርቷል።» የዚህ ሞተር ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ነው። ሲበላ በቶርኖ ትንሽ ይሰፋና 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እያለ ከፍ ያለ ፒስተን ይገባበታል። የአባዬ ሞተር ከዓመታት በፊት 56.50 ሆኗል። እኔ «የልጅነቴ ድምፅ» እያልኩ ስሟገትለት የነበረው ነገር ራሱ በመሐል ተቀይሮ ነበር ማለት ነው። ጆሮዬ አላወቀም።

ደወልኩለት። «አዎ፣ 2004 ላይ ነው። ደብተሩ ላይ አለልህ» አለኝ፣ ተራ ነገር እንደሆነ ሁሉ።

ደብተሩን አውቀዋለሁ። የከተባቸውን ከብቶች ከሚመዘግብበት ጋር አንድ ዓይነት፣ ባለ ጠንካራ ልባስ ነው። ለካ ሳይክሏም የራሷ ነበራት። ካንዴላ የተቀየረበት ቀን፣ ሰንሰለት፣ ጎማ፣ ዋጋው፣ የት እንደተሠራ፣ ሁሉም አለ። ለማንም ሊያሳየው አልነበረም የጻፈው። ክትባት የሚሰጥ ሰው ነዋ! መዝገብ ከሌለ የትኛው በሬ እንደተከተበ በምን ያውቃል?

ሥራው ሁለት ሳምንት ተኩል ፈጀ። ሲሊንደሩ ወደ 56.75 ሰፋ። የቢየላው ኩሽኔታ ተቀየረ፣ ጓርኒሲዮኖቹ ሁሉ ተቀየሩ። ከታሰበው ብዙ ብልጫ ያለው ብር ወጣ። መካኒኩ ሲያስረክበኝ «ከዚህ በኋላ የቀረህ 1.00 ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚፋቅ ብረት የለህም» አለኝ። በሐቅ የሚታደስ ነገርም ማለቂያ አለው ማለት ነው። አንድ ቀን እውነትም ሌላ ሞተር ይገባባት ይሆናል። ያን ቀን ቁጥሩም ይቀየራል፣ ሊብሬውም ይቀየራል፣ ደብተሩ ላይም ይጻፋል። ያኔም የአባዬ ሳይክል ናት ብዬ አምናለሁ።

ደብረ ብርሃን ሳደርሳት ደብተሩን አውጥቶ ሰጠኝና «አንተ ጻፈው» አለኝ። ቀኑን፣ 0.75 ፒስተኑን፣ ዋጋውን ጻፍኩ። ለመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ሮዳጅ ላይ ስለሆነች በቀስታ ትነዳ ብዬ ጨመርኩ። ከዚያ ትንሽ አሰብኩና ከሥሩ «መጀመሪያ ሌላ ሞተር አስገብቼ ይሄን ቁጥር ላስመታበት ተስማምቼ ነበር» ብዬ ጻፍኩ።

መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ደብተሩን ዘጋው።

«ቀብዱን መለሰልህ?» አለኝ።

«ከእጅ ዋጋው ላይ ተቀነሰልኝ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ሊያስነሳት ወጣ።