ተራዋን የሰጠች እናት

ምሥራቅ ጎጃም፣ የጥኖራ፣ አንዲት እናት ነበረች። ስሟ ለነገራችን አይጠቅምም፤ መንደሩ እታለም ስለሚላት እኛም እታለም እንበላት። የተወለደችው በ1960 ነው። ያን ዓመት በሞጣና በቢቸና የሚረሳው ሰው የለም። አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር መጣ ተብሎ ገበሬው መሬቴ አይለካም ብሎ ሸፈተ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ በዓመቱ ንጉሡ ራሳቸው መጥተው ውዝፉን ግብር ማሩ። የእታለም እናት ከዚያ ሁሉ ለልጇ ያወራችላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለክርስትና አዝላት ስትሄድ መንገዱን ትታ ሰማይ ሰማዩን ስታይ እንቅፋት መትቷት እንደነበረ።

ስለዚህ እታለም መቼ ተወለድሽ ስትባል «ያመፁ ጊዜ» ትላለች። ቀኑን ጠይቋት የሚያውቅ ግን አልነበረም፤ ባሕር ዳር ባንክ ቤት የምትሠራው የመጨረሻ ልጇ እስክትጠይቃት ድረስ።

ልጅቱ ለ2008 ፋሲካ አገር ቤት መጥታ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ «እማዬ፣ ሃምሳ ልትሞይ ሁለት ዓመት እንኳ አልቀረሽም እኮ» አለቻት።

«ማን ቆጠረው?»

«እኔ። ክርስትና የተነሣሽው የሰኔ ሚካኤል ለት ነው አላልሽኝም? ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትነሣው። ወደ ኋላ ሲቆጠር መጋቢት 22 ይሆናል።»

(ቤተ ክርስቲያን ለወንድ አርባ ለሴት ሰማንያ ብላ ባትወስን ኖሮ የስንቱ እናት ልደት በከንቱ በቀረ።)

እታለም ሳቀች። ልጅቱ አልሳቀችም። ቦርሳዋን ከፍታ አዲስ ደብተር አወጣች። መሥሪያ ቤት አብረዋት ያሉት ሴቶች ሠላሳ፣ አርባ ሊሞሉ ሲሉ እስከዚያ የሚያደርጉትን ጽፈው እንደሚይዙ ነገረቻት። «በይ እማዬ፣ ከሃምሳ በፊት ምን ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?»

እታለም ለመልሱ አልተቸገረችም። ወንድምሽን መዳር። የጓዳውን ቆርቆሮ መቀየር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሊጡ ላይ ያንጠባጥባል። የአባትሽን ዓይን ማሳከም። የአማቴን ተዝካር ሳላፍር ማውጣት። የትልቋን ልጅ ደብረ ማርቆስ ማስገባት።

ልጅቱ ጽፋ ጨረሰችና ከላይ ጀምራ መሰረዝ ያዘች። ይኼ የወንድሜ ነው። ይኼ የአባዬ ነው። ይኼ የአያቴ ነው። ቆርቆሮው ላይ ስትደርስ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ቤቱ የሁላችንም ነው ብላ እሱንም ሰረዘችው። ወረቀቱ ላይ አንድም ያልተሰረዘ መስመር አልቀረም።

«ታዲያ ለእኔ ምን ተውሽልኝ?» አለች እታለም። እንደ ቀልድ ጀምራው መጨረሻው ላይ ቀልድነቱ ጠፋ።

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅሽ።»

ልጅቱ በማግስቱ ሄደች። ደብተሩን መሶቡ ላይ ትታው ነበር።

አሁን ወደ ዕቁቡ እንምጣ። እታለም ያለችበት ዕቁብ ሃያ አራት ሰው ነው፤ በወር 300 ብር ይጣላል፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዕጣ ይወጣል። መዋጮዋን ከአረቄና ከእንቁላል ታወጣለች። ዕጣ ወጥቶላት ያውቃል፣ አንዴ ብቻም አይደለም። አንዱን ነሐሴ ላይ በሬው ለሞተበት ጎረቤት ለቀቀች። አንዱን ባሏ ለማዳበሪያ ዕዳ ወሰደው። አንዱ ለልጅ ትምህርት ሄደ። ሌላውን አማቷ ሲታመሙ ሆስፒታል በላው። ተራዋን ስትሰጥ ማንም አስገድዷት አያውቅም፤ የዕቁቡ ዳኛ ስሟን ይጠራል፣ ከጥግ አንድ የተቸገረ ድምፅ ይሰማል፣ እሷ «ይውሰደው» ትላለች። የለመደ ምላስ ነው።

ከዚያም በፊት ቢሆን ያው ነበር። የጥኖራ በደርግ ጊዜ ስሙ የወጣ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የነበረበት አገር ነው፤ ማኅበሩ ወልባ የሚባለው ደረጃ ላይ ሲደርስ እሷ ገና ሙሽራ ነበረች። የእያንዳንዱ ሰው ሥራ በነጥብ ይመዘገብ ነበር፤ ያረሰ ይህን ያህል፣ ያጨደ ይህን ያህል፣ እህሉም ሲከፋፈል በነጥብ ነው። ጠዋት ውኃ ቀድታ፣ ጋግራ፣ ለአጫጆቹ ምሳ ተሸክማ ማሳ ድረስ ስትሄድ ነጥብ መዝጋቢው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያያታል። አንድ ቀን «ለእኔስ?» አለችው። «የቤት ሥራ ነጥብ የለውም እታለም» አላት፣ በትሕትና። እንጀራውን ግን በላ። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ማኅበሩ ሲፈርስ ሰው ሁሉ በሬዬ፣ መሬቴ እያለ ተሻማ፤ እታለም የምትካፈለው ነጥብ ስላልነበራት እራት ልትሠራ ገባች።

ጥቅምት 2009 ላይ ዕጣዋ ወጣ።

ዳኛው ስሟን ሲጠራ ባሏ በሬ እያሰበ ነበር። ከጥግ ደግሞ አንድ ጎረቤት ጉሮሮውን ጠረገ፤ ልጁ ባጃጅ ሊገዛ ጥቂት ጎድሎታል። ሁሉም የለመደውን «ይውሰደው» ይጠብቃል። እታለም ነጠላዋን አስተካክላ፣ «የዛሬው እንኳ ለእኔ ይሁን» አለች።

ዳኛው ቀና አለ። «ለምን ልታደርጊው ነው?»

አፏን ከፈተች፤ መልስ ግን አልነበራትም። «እስቲ ላስበው» አለች። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ዋስ ጥሪ ስትባል ቀድሞ የተነሣው ያ በሬው የሞተበት ሰው ነው።

7,200 ብር ሣጥን ውስጥ ከቀሚሶቿ ሥር ገባ። አንድ ወር ሙሉ አልተነካም። ሌሊት ሌሊት እያሰበች የደረሰችበትን ነገር ሁሉ ጠዋት ስታየው የሰው ሆኖ ታገኘዋለች። የልጅቱ እስክሪብቶ ጭንቅላቷ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ሰረዘ፣ ሰረዘ፣ ሰረዘ።

በኅዳር ቢቸና ገበያ ወጣች። የጫማ ነጋዴው ፊት ቆመች። እስከዚያ ቀን ጫማ ገዝታ አታውቅም፤ ባሏ ወይ ልጆቿ ያመጡላታል፣ ሁልጊዜም ጥቁር። ነጋዴው ቁጥሯን በዓይኑ ገምቶ፣ «የቱን ቀለም ልስጥሽ እናቴ?» አላት። ቀዩን አየች። ቡናማውን አየች። አጠገቧ የቆመችው ሴት የትኛውን እንደያዘች አየች። ነጋዴው ደጋግሞ ጠየቃት። ከኋላ ሰው ሲገፋት ቡናማውን ብላ ከፈለች። የመንገዱ ግማሽ ላይ ስትደርስ ነው የፈለገችው ቀዩን እንደነበር ያወቀችው። አልተመለሰችም፤ ግን እንዲህ ያለ ቁጭት ለራሷ ነገር ተሰምቷት ስለማያውቅ እስከ ቤቷ ድረስ እየገረማት ሄደች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በየተራው መጣ። ባንድ ጊዜ አልመጣም። ጥር ላይ የመሬት ይዞታውን ደብተር ለሆነ ጉዳይ ከሣጥን ስታወጣ ገልጣ አየችው። የእሷና የባሏ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል፤ የአማራ ክልል መሬት ሲመዘገብ ባልና ሚስት እኩል ባለይዞታ ተብለው ነው የተጻፉት። ከፎቶው ሥር ስሟ አለ፣ ማንበብ የማትችለው ስም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ገና ልጅ ነበረች፤ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ፊደሉን ከሀ ጀምራ እስከ በ ደርሳ ነበር፣ ከዚያ ከብት ጠባቂ ጠፋ ተባለና ቀረች። አሁን የጎረቤቷን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ጠራችና ከተወችበት ቀጠለች። ለልጁ በወር ትንሽ ትንሽ ሰጠችው፤ ያም ከሣጥኑ ነው። ልጁ ክፉ አስተማሪ ነበር፣ ስትሳሳት ይስቃል። ባለፈው ዓመት መሶብ ላይ በቀረው ደብተር፣ ከተሰረዙት መስመሮች በታች፣ ስሟን መጻፍ ለመደች።

ሦስተኛው ነገር የእናቷ አገር ነው። እናቷ ከዓባይ ማዶ፣ ከበጌምድር፣ በሞጣ በኩል ባለው በሰባራ ድልድይ ተሻግራ የተዳረች ናት። ድልድዩ በፋሲል ዘመን የተሠራ፣ በጣልያን ጊዜ መካከሉ የተሰበረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ሰው በገመድ እየተሳበ ነበር የሚሻገረው፣ ከታች ውኃው እየጮኸ። የእታለም እናት አንዴ ከመጣች ወዲያ አልተመለሰችም፤ ገመዱን ፈርታ። በ1990ዎቹ የውጭ ሰዎች መጥተው ጠገኑት፣ ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ በኋላ ከፍ ተደርጎ በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እታለም መሻገር ፈለገች። ማዶ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም፤ መሻገሩን ብቻ ነው የፈለገችው።

መጋቢት 22 ቀን 2010 ደረሰ። ልጅቱ አስቀድማ ያላሰበችው ነገር ዕለቱ የሆሣዕና ዋዜማ፣ የጾሙ መገባደጃ መሆኑን ነው። ከባሕር ዳር የጾም ኬክ ይዛ መጣች፤ መንገድ ላይ ተጨፍልቋል። ከሃምሳ በፊት ተብሎ ከታሰበው የተሳካው ስም መጻፉ ብቻ ነበር፤ ጫማውን ከቆጠርነው ሁለት። ድልድዩ አልተሳካም፤ ጾምና ቁፋሮ ተደራርቦ። ልጅቱ ከፋት። እታለም ግን «ወንዙ የት ይሄዳል» ብላ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በሞጣ በኩል ወረደች። ባሏ ሳይጠራ ዱላውን ይዞ ተከተለ፣ ስለ በሬው እያጉረመረመ። ድልድዩ መሀል ላይ ሲወዛወዝ ሽቦውን ጨብጣ ቆመች፤ «እናቴ ወዳም አልቀረች» አለች። ማዶ ተሻግረው ዘመድ ጠየቁ፤ የሚያውቅ አላገኙም። ጥላ ሥር ተቀምጠው የያዙትን ስንቅ በሉ። ተመለሱ።

አሁንም ዕቁብ ትጥላለች። ዕጣ ሲወጣላት አንዳንዴ ለሰው ትለቃለች፣ አንዳንዴ አትለቅም። ልዩነቱ፣ የሚጠይቃትን ሰው መልሳ «ለምን ልታደርገው ነው?» ማለት መጀመሯ ነው።

ምሳሌው ይኸው ነው። እናቶችን ስለ ራሳችሁ አስቡ እያልን ስንመክር የምንዘለው ነገር ስላለ ነው የነገርኳችሁ። ምክሩ እናት ፍላጎቷን አውቃ የደበቀችው ያስመስላል፤ ዕድሜዋ ሲሞላና ደብተር ሲሰጣት የተደበቀው ተዘርዝሮ የሚወጣ። እታለም ምንም አልደበቀችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቃት ነገር እንደማይታረስ ማሳ ዳዋ ውጦት ነበር፤ ዳዋ የዋጠው ማሳ ደግሞ በአንድ ቀን እርሻ እህል አያበቅልም። ቡናማው ጫማ የመጀመሪያው እርሻ ነው፣ ያውም የተሳሳተ። ያ ስሕተት ባይኖር ድልድዩ ወደ ሐሳቧ የሚመጣ አይመስለኝም።

ልጅቱንም ልወቅሳት አልፈልግም። የልደት ቀን ለእናቷ ባዕድ ነገር ነው፣ ያውም ጾም ውስጥ የወደቀ፤ ቢሆንም ያ ቀን ባይኖር ጥያቄው አይነሣም ነበር። ያጠፋችው መሰረዙን ይመስለኛል። ልጇን መዳር እታለም ከልቧ የምትፈልገው ነገር ነው፤ የሌላ ሰው ስም ስላለበት ብቻ የእሷ አይደለም ማለት የከተማ ስሌት ነው። የጓዳው ቆርቆሮማ ይባስ፤ ዝናቡ የሚያንጠባጥበው እሷ ሊጥ ላይ ነው። ነጥብ መዝጋቢው ሥራዋን ከመዝገብ አወጣ፤ ልጅቱ ደግሞ በፍቅር ፍላጎቷን ከደብተር አወጣች። የሁለቱ ርቀት ልጅቱ እንደምታስበው አይሰፋም።

ሌላው የሚቆረቁረኝ የዳኛው ጥያቄ ነው። ያ ዕቁብ በቆመበት ዘመን ሁሉ ወንዶች ዕጣ ወጥቶላቸው ብሩን ቆጥረው ኪሳቸው ሲከቱ፣ አንዱ በበሬ አንዱ በጠጅ ሲጨርሰው፣ ለምን ልታደርገው ነው ተብሎ የተጠየቀ የለም። ዳኛው ክፉ ሰው አይደለም። እንግዳ ነገር ሲያይ የጠየቀ ሰው ነው፤ እንግዳ የሆነበትም አንዲት እናት በገዛ ተራዋ ገንዘቧን ስትወስድ ማየቱ ነው።