በሰው ፋንታ ስለ ዘመተ ሰው

ከጦር የሸሸ ሁሉ ፈሪ ነው ማለት ለተናጋሪው የቀለለ ፍርድ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን ፍርድ ከመቀበልህ በፊት የሐረርን ነገር ተመልከት።

በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ይዞ ወደ ሐረር በተጠጋ ጊዜ፥ የከተማው ሰው የልቡ ዝንባሌ ምንም ቢሆን፥ የተኩሱ ድምፅ ለሁሉ ይሰማ ነበርና የጥሪው ምክንያት የተሰወረ አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አዋጁ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወንድ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ያዝዛል። እንዲህ ያለ ሕግ በብዙ አገር አለ፤ እኔም በሕግነቱ አልነቅፈውም። ዳሩ ግን ለየቀበሌው ኮታ ተደለደለ፤ ያልሞላው በአፈሳ ይሞላ ጀመር፤ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ እንኳ ተያዘ፤ የሚላከውም ወደ ሩቅ ሰሜን፥ የገዛ አገሩን ሰው ሊወጋ ነው። አሚር ኑር ጠላትን ሊከለክል ያሠራው የጀጎል ግንብ፥ በሮቹ ጥቂት ናቸውና፥ ለሚታፈስ ልጅ መጠጊያ ነው ወይስ ወጥመድ?

እንግዲህ እናት ልጇን ቆጥ ላይ ብትሸሽግ ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድም። ነገር ግን ልጁ ሲሸሸግ ቍጥሩ አብሮት አይሸሸግም። ቍጥሩን ሌላ ልጅ ይሞላዋል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ አማላጅ ዘመድ ያጣ የድኻ ልጅ ነው።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የደቡቡ መንግሥት በ1862 (በፈረንጅ አቈጣጠር) የግዳጅ ውትድርና ሲያውጅ፥ ገንዘብ ያለው ሰው ቀጥሮ በፋንታው እንዲልክ ፈቅዶ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ሻረው። በእኛ አዋጅ እንዲህ ያለ ፈቃድ አልነበረም፤ ምትኩ ግን ነበረ። የአሜሪካው ምትክ ዋጋውን ቈጥሮ ተቀበለ፤ የእኛው ግን በማን ፋንታ እንደ ተወሰደ እንኳ ሳያውቅ ሄደ።

በደሉ የአፋሹ ነው፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ዕዳ ግን ያለ በደልም ይመጣል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ የተሸሸገውም በቀን ብርሃን ወጣ፤ አገባ፥ ሱቅ ከፈተ። ጥቂት አጥር አልፎ ደግሞ ልጇ ያልተመለሰላት አሮጊት አለች፤ ጣሪያዋ ያፈሳል፤ የውኃ ጀሪካኗን ራሷ ትሸከማለች። ቤቷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱም ያውቀዋል።