በሥራ ገበታ መታመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት መካከል ዘንድሮ ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ ሥራ የሚገቡት ጥቂቶች አይደሉም። እኛም ሳንመረቅ ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ ወጥተን መሥሪያ ቤት ምን እንደሚመስል ቀምሰናል። ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ እንዴት ሊመላለስ እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ ልንነጋገር ፈቀድን። የምንናገረው ግን እንደ መምህር ከላይ ሆነን አይደለም፤ በዚሁ ነገር ወድቀንበታልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተመደብንበትን መሥሪያ ቤት ስም መጥራት አያስፈልግም። ጠዋት 2፡30 ላይ የፊርማ መዝገብ ይወጣል፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይነሣል። አንድ ቀን ባልንጀራችን ዘገየና በስሙ ፈረምንለት። ሌላ ቀን ደግሞ እርሱ ለእኛ ፈረመልን። በሁለተኛው ሳምንት ልማድ ሆነ፤ እንዲያውም እንደ መረዳዳት ቆጠርነው። መዝገቡን የሚይዙት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት ግን አንድ ቀን ለብቻችን ጠሩን። «ልጆቼ፣ የሁለታችሁም ፊርማ የአንድ እጅ ጽሕፈት ነው። ለአለቃ አልናገርባችሁም። ግን የመዝሙር ልብስ ለብሳችሁ ስትዘምሩ አይቻችኋለሁ» አሉን። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመሩም። እኛም የምንመልሰው አጣን።

እንዲህ ያለውን ነገር ኃጢአት ብለን ለንስሐ አባታችን የማንነግረው ለምንድን ነው? የተበደለ ሰው ፊት ለፊት ስለማይታየን ይመስለናል። የመሥሪያ ቤት ሰዓት የማንም እንዳልሆነ ይቆጠራል። ዮሴፍን እናስብ (ዘፍ. 39)። የተሸጠ ባሪያ ነው፤ ደመወዝ የለው፣ ውል የለው። ለማለገም ከእርሱ የበለጠ ምክንያት ያለው ማን ነበር? ነገር ግን ጌታው ጲጥፋራ ከሚበላው እንጀራ በቀር በቤቱ ያለውን ሁሉ ሳይቈጣጠር ለእርሱ ተወለት። እኛ ስለ ዮሴፍ ስንሰብክ ከጲጥፋራ ሚስት መሸሹን እንናገራለን፤ አስቀድሞ የሰው ቤት ሒሳብ ሳያጎድል መያዙን ግን እንዘልለዋለን።

አዲስ ተቀጣሪ ሕጉንም ይወቅ። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚቀጠር ሰው ግን የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ውሉም በጽሑፍ መሆን አለበት። በዚህ ጊዜ ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ሠራተኛውም እንዲሁ ትቶ መሄድ ይችላል። መብቱና ግዴታው ግን በሙከራ ላይ ካልሆነው ሠራተኛ ጋር አንድ ነው። ትሕትና ማለት መብትን አለማወቅ አይደለም። በጽሑፍ ተነግሮት ሳለ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት እንደሚችልም ያው አዋጅ ይናገራል። «60 ቀኑ እስኪያልፍ እንጠንቀቅ» የሚሉ ወዳጆች አሉን። በስድሳ አንደኛው ቀን የሚያልቅ ታማኝነት ግን ፍርሃት እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ስለ አለባበስ ብዙ አንልም፤ ንጹሕና ለሥራው የሚመች ይሁን። ባለጉዳይ ቆሞ ሳለ ስልክ መነካካት ነውር ነው። ለሥራ አስኪያጁ «አንቱ» እያሉ አባት የሚሆኑትን የጥበቃ ሠራተኛ «አንተ» ማለትም እንዲሁ።

የሚከብደው የእጅ ነገር ነው። ንዕማን ከለምጹ በነጻ ጊዜ ኤልሳዕ ስጦታውን አልቀበልም አለ። ግያዝ ግን ከኋላው ሮጦ፣ የመጡ እንግዶች አሉ ብሎ በጌታው ስም አንድ መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ለመነ፤ ሁለት መክሊት ተሰጠው (2ነገ. 5)። ከወዴት መጣህ ሲባልም የትም አልሄድሁም አለ። አንዱ ውሸት ሌላውን ጠራ ማለት ነው። ዛሬም «ለሻይ» ተብሎ የሚሰጠው ገንዘብ የሚሰጠው ለወንበሩ ነው፤ ከወንበሩ ብንነሣ ማንም ሻይ አይጋብዘንም።

ከእኛ ቀድሞ የተመረቀ አንድ ወንድማችን በተቀጠረ በሁለተኛው ሳምንት ገና ላልገባ ዕቃ ሞዴል 19 እንዲፈርም ቀረበለት። «ነገ ይገባል፣ ዝም ብለህ ፈርም» አሉት። እርሱም «ሲገባ ቆጥሬ እፈርማለሁ» አለ። ከዚያ ወዲያ ለሦስት ወር ሻይ አብሮት የሚጠጣ አልነበረም፤ በኋላም ራቅ ወዳለ ቅርንጫፍ ተዛወረ። እስካሁንም እዚያው ነው። ይህን የምንጽፈው የታመነ ሁሉ ወዲያው ይሾማል ብለን እንዳናታልላችሁ ነው። ዮሴፍም ታምኖ ሳለ ወኅኒ ወርዷል።

በተለይ እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። «ዛሬ ሚካኤል ነው» ብለን ያለ ፈቃድ እንወጣለን፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ጾሙን አሳብበን ባለጉዳይ እናመናጭቃለን። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። ቢሆንም ጠላቶቹ በሥራው ስሕተት ፈልገው አጡ፤ የሚከሱበት ቢያጡ በጸሎቱ ዞሩበት (ዳን. 6)። በሌላ ጊዜም ታሞ ከተኛበት በተነሣ ጊዜ ወደ ንጉሡ ሥራ ተመለሰ (ዳን. 8)። እኛ ጥለነው የወጣነው ፋይል የሚከመረው በጎረቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነው። ያ ሰው የሌላ እምነት ተከታይ ከሆነ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን የሚያውቀው ባዶውን ወንበራችንን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ልምምዱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከባልንጀራችን ጋር ወደ ኃላፊው ገብተን የሆነውን ነገርን፤ የዘገየንባቸው ስድስት ቀኖችም ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚላከው ግምገማ ላይ እንዲጻፉ ጠየቅን። ተጻፉ፤ የሁለታችንም ውጤት ዝቅ አለ። እትዬ ሰምተው ኖሮ በመጨረሻው ቀን መዝገቡን በገዛ እጃቸው አቀረቡልን።

ያ ባልንጀራችን አሁን ሥራ አግኝቷል። የሚጀምርበት ሰኞ በ12፣ የሚካኤል ዕለት ይውላል። ኪዳን አድርሶ 2፡30 ላይ ሊፈርም አስቧል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።