ክብር ከደም ነውን?
«አርያን» ከሚለው ቃል ታሪክ የምንማረው

«አርያን» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው በ325 በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘውን አርዮስን ያስታውስ ይሆናል። ሁለቱ ግን በድምፅ ይቀራረቡ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የምንመለከተው ቃል የመጣው ከጥንታዊት ሕንድና ከፋርስ ነው። ታሪኩም ለክርስቲያን ሁሉ አንድ ከባድ ጥያቄ ያቀርባል፤ ይኸውም የሰው ክብር ከደሙ ነውን? የሚል ነው። (ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በሳንስክሪት «አርያ» ማለት የተከበረ፣ ጨዋ ማለት ነው። የቬዳ መዝሙራትን የደረሱት ሰዎች ራሳቸውን በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። የፋርስ ንጉሥ ቀዳማዊ ዳርዮስም በናቅሽ ሮስታም በሚገኘው መቃብሩ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ አርያ መሆኑን ይናገራል፤ ኢራን የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። የቡድሃ ተከታዮች ግን ቃሉን ከትውልድ ይልቅ ለምግባር ሰጡት። በእኛም ቋንቋ «ጨዋ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ትውልድን፣ ሌላ ጊዜ ጠባይን እንደሚያመለክት ልብ እንበል።

በ1786 በካልካታ ዳኛ የነበረው ዊልያም ጆንስ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ ሳይወጡ እንደማይቀሩ አስታወቀ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ይህን የቋንቋ ቤተሰብ «አርያን» አሉት። ፈረንሳዊው ጎቢኖ ግን ከ1853 እስከ 1855 ባሳተመው ድርሰቱ የሰው ዘሮችን አበላልጦ አርያንን ከሁሉ በላይ አስቀመጠ። ቃሉን ካስፋፉት ሊቃውንት አንዱ ማክስ ሙለር በ1888 ስሙ የቋንቋ እንጂ የደም አይደለም ሲል ቢቃወምም የሰማው ጥቂት ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 1933 በጀርመን የወጣ ሕግ «አርያን ያልሆኑ» የመንግሥት ሠራተኞች እንዲወገዱ አዘዘ፤ ከአያቶቹ አንዱ አይሁዳዊ የሆነም አርያን አይደለም ተባለ። ስለዚህም ሕዝቡ የራሱን፣ የወላጆቹንና የአያቶቹን የልደት ወይም የጥምቀት ማስረጃ ለማግኘት ወደየቁምስናው ጎረፈ። የእግዚአብሔር ልጅነት የተመዘገበበት መጽሐፍ ወንድምን ከወንድም መለያ ሆነ። ማስረጃውን ገልብጦ የሰጠው ጸሐፊ ማንንም በእጁ አልገደለም፤ ሆኖም ብዕሩ ለክፉ ሥራ አገልግሏል። በ1922 የተጠመቀችው ቅድስት ኤዲት ሽታይን በአይሁዳዊነቷ በ1942 በአውሽቪትዝ ተገደለች።

ፋሺስቶችም በ1937 በያዙት ሀገራችን ጣልያናዊና «ተገዥ» ያሉት የአገሬው ሰው እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ በሕግ ከለከሉ፤ በ1938 ደግሞ ጣልያናውያን አርያን ናቸው የሚል መግለጫ አወጡ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1937 በሆሣዕና ዕለት በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት በተነበበው መልእክታቸው ዘርን እንደ ጣዖት ማምለክን አውግዘዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ክርስቲያኖች ዝም ማለታቸውን ልንሸሽገው አይገባም።

የአባቶችን ስም ማክበር ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ የሚጀምረው የእኛ ክብር የሌላውን ውርደት ሲጠይቅ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በክርስቶስ የተጠመቁ ሁሉ አንድ መሆናቸውን ያስተምረናል (ገላ. 3፡28)። ታዲያ እኛ ጎረቤታችንን ስንመዝን፣ ልጆቻችንን ስንድር፣ በጉባኤም አገልጋይ ስንመርጥ አጥንት እንቆጥራለንን? ሕፃናትን ስናስተምር ከየት ዘር እንደመጡ ሳይሆን በማን አምሳል እንደተፈጠሩ እንንገራቸው። የጥምቀት መዝገባችንን በገለጥን ቁጥርም በዚያ የሰፈረው ስም ሁሉ የወንድማችንና የእኅታችን ስም መሆኑን እናስታውስ።

እግዚአብሔር አስተዋይ ልብ ይስጠን፤ አሜን።