ከታላስ ጦርነት በፊት የፈረሰው ቃል

እዚህ አብነት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሻይ ላይ ጨዋታው ወደ ቻይና ሲያመራ፣ «ድሮ እኮ ታላስ ላይ ድል አድርገናቸዋል!» የሚሉ ወንድሞች አይጠፉም። ቻይናውያን የሠሩት ባቡር በልደታ በኩል ያልፋል፣ የምንለብሰውም ጨርቅ የሚመጣው ከዚያው ነው፤ ፉከራው ምናልባት ለዚህ ማካካሻ ይሆናል። እኔን የሚከነክነኝ ግን «እኛ» የሚለው ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ750 ቻይናዊው የጦር አዛዥ ጋኦ ሺየንዢ ዛሬ ታሽከንት በምትባለው በሻሽ ላይ ዘመተ። ንጉሡ በስምምነት እጁን ሰጠ። ጋኦ ቃሉን አጥፎ አገሩን ዘረፈ፤ ንጉሡንም ማርኮ ወደ ቻይና ወሰደው፤ እዚያም ተገደለ። ያመለጠው ልጁ ለሙስሊሞች አቤት አለ። በ751 (በ133 ሒጅራ) በዚያድ ኢብን ሷሊሕ የተመራው የዐባሲዮች ጦር ከጋኦ ጋር ታላስ ወንዝ ዳር ገጠመ። በአምስተኛው ቀን ከቻይና ጎን ተሰልፈው የነበሩት የቀርሉቅ ቱርኮች ከድተው ከኋላ መቱት።

ለመሆኑ ይህ ክህደት የእኛን ወገን ስለጠቀመ ልንመርቀው ነው? የጋኦን ክህደት አውግዘን የቀርሉቆችን ካሞገስን ሚዛናችን ተዛብቷል። አሸናፊዎቹም ቢሆኑ ብዙ አልቆዩም። ዚያድ በአለቃው በአቡ ሙስሊም ላይ አምፆ ተገደለ፤ አቡ ሙስሊምን በ755 ኸሊፋው አል መንሱር አስገደሉት። በ757 ደግሞ የዐባሲዮች ወታደሮች የቻይናን ንጉሠ ነገሥት ከአማፂያን ለመታደግ ከትናንት ጠላታቸው ጋር ተሰለፉ!

«መንግሥት በኃይል እንጂ በአማና አይቆምም» የሚሉ አሉ። ጋኦ ኃይል አላነሰውም፤ ለጠላቱ ምክንያት የሰጠው ያፈረሰው ቃል ነው። ከዱባይ ሸቀጥ በዱቤ ወስዶ ስልኩን የሚዘጋ ነጋዴ ስለ ታላስ ሲፎክር ስሰማም ይገርመኛል።

«እኛ» ማለት ካስፈለገ እዚሁ አገራችን ላይ የምንልበት ታሪክ አለን። ቁረይሾች በዐምር ኢብኑል ዓስ እጅ ስጦታ ልከው ስደተኞቹ እንዲመለሱላቸው ሲጠይቁ፣ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ሠራዊት አልነበራቸውም፤ የሚከፍሉትም ወርቅ አልነበራቸውም። ንጉሥ ነጃሺ ያኔ ገና ሃይማኖታቸው ሌላ ነበር። ሁለቱንም ወገን አዳመጡና ስጦታውን መለሱ። ጃዕፈርም እስከ ኸይበር ዘመቻ፣ እስከ 628 ድረስ፣ በሐበሻ ምድር በሰላም ኖሩ።