ሐሜት ነው ወይስ ምስክርነት?

ባለፈው ክረምት በወጣቶች ኅብረታችን የመጽሐፍ ውይይት ላይ ተራው የእኔ ነበር። ያቀረብኩት አሜሪካዊው ጸሐፊ ሮበርት ካሮ ስለ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ከጻፋቸው ቅጾች ሁለተኛውን ነው። ገና ሳልጨርስ አንድ ወንድም እጁን አወጣ። «ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ! ኃጢአቱን እዚህ መዘርዘር ከሐሜት በምን ይለያል? መሪዎችን እንድናከብር ታዝዘን የለም ወይ?» አለ። የሰጠሁት መልስ እኔን ራሴን አላረካኝም። ጥያቄው ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጆንሰን በ1908 በቴክሳስ ገጠር ተወለደ። አባቱ እርሻውን ያጣ ሰው ነበርና ልጁ ድህነትንም የሰው ንቀትንም ቀምሶ አደገ። ካሮ እንደሚለው ገና በወጣትነቱ ልቡ በፕሬዚዳንትነት ላይ ነበር። በ1948 ለሴኔት ለመግባት በፓርቲው ማጣሪያ ምርጫ ከቀድሞው የቴክሳስ ገዥ ከኮክ ስቲቨንሰን ጋር ተወዳደረ። ምርጫው ካለፈ ከስድስት ቀን በኋላ፣ አሊስ ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከ13ኛው ሣጥን ሁለት መቶ ያህል አዲስ ድምፅ ለጆንሰን ተገኘ ተባለ። ዝርዝሩን ያዩ ሰዎች እንደ መሰከሩት፣ ስሞቹ በመዝገቡ መጨረሻ ላይ በአንድ ዓይነት ቀለም፣ በፊደል ተራ ተጽፈው ነበር። ጆንሰን አንድ ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ውስጥ በ87 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ።

ካሮ የሰውየውን መልካም ሥራም አልደበቀም። ጆንሰን በ1928 ኮቱላ በምትባል ከተማ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን ድሀ ልጆች ሲያስተምር በመጀመሪያ ደመወዙ የመጫወቻ ዕቃ ገዛላቸው። የምክር ቤት አባል ሲሆን ደግሞ፣ ሴቶች ከጉድጓድ ውሃ እየቀዱ ወገባቸው ለሚጎብጥበት ለዚያ ገጠር የኤሌክትሪክ መብራት አስገባ። ካሮ ይህን ሁሉ ከሩቅ ሆኖ አልጻፈም፤ ከባለቤቱ ጋር እዚያው ሄዶ ሦስት ዓመት ያህል ኖረ፣ ሰዎቹን ቤት ለቤት ጠየቀ፣ ሰነድ አገላበጠ።

እንግዲህ የወንድሜ ጥያቄ ይምጣ። ቃሉ ሐሜትን አጥብቆ ይከለክላል። ነገር ግን ያው ቃል በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 ላይ ዳዊት በኦርዮ ላይ ያደረገውን አንዱንም ሳይሸሽግ ይነግረናል። ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲዘረዝር እንኳ፣ የሰሎሞን እናት የኦርዮ ሚስት እንደ ነበረች ሳያነሣ አላለፈም። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው አንደኛ መልእክት ምዕራፍ 5፣ በሽማግሌ ላይ የሚቀርብን ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዳይቀበል አዘዘው፤ በደሉ ከተረጋገጠ ግን በሁሉ ፊት እንዲገሥጽ ነገረው። ስለዚህ ክፉን በስሙ መጥራት ብቻውን ሐሜት አይሆንም። ሐሜት ምስክር የለውም፤ መልካሙን ይሰርዛል፤ ተናጋሪውም ለቃሉ ኃላፊነት አይወስድም። ካሮ ስሙን ጽፎ፣ ማስረጃውን አቅርቦ ነው የተናገረው። እርሱም ራሱ ከትችት አላመለጠም፤ ስቲቨንሰን ጥቁሮችን ከነጮች የሚለየውን ሥርዓት የደገፈ ሰው ሆኖ ሳለ ከልክ በላይ አሳምሮታል ያሉት ብዙዎች ናቸው። ይህም ተገቢ ነው። መስካሪም ይመረመራል።

አንድ ከባድ ነገር ግን ይቀራል። ጆንሰን በ1965፣ ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን የመምረጥ መብት የሚያስከብረውን ሕግ ፈረመ። በተጭበረበረ ድምፅ ሴኔት የገባ ሰው፣ ድምፃቸውን ለተነፈጉ ድምፅ ሰጣቸው። «ታዲያ ያ ባይሆን ይህ ከየት ይመጣ ነበር?» የሚል ይኖራል። እኔም ብዙ አሰብኩበት። ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 3 ላይ፣ መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ የሚለውን አሳብ ይቃወማል። እግዚአብሔር ከጠማማ መንገድ ላይ መልካም ፍሬ ማንሣት ይችላል፤ ያ የእርሱ ምሕረት ነው እንጂ የመንገዱ መጽደቅ አይደለም። ሕዝቡም ዋጋ ከፍሏል፤ መንግሥት ስለ ቬትናም ጦርነት የሚናገረውና በጦር ሜዳው ያለው እየተራራቀ ሲሄድ ብዙዎች የጆንሰንን ቃል ማመን ተዉ። በ1968 ዳግመኛ እንደማይወዳደር አስታወቀ።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ነገር ግን መጽሐፉን ሳነብ በመሐል ያገኘሁት ራሴን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኅብረታችን መሪዎች ሲመረጡ እኔም ዕጩ ነበርኩ። በዚያ ሳምንት፣ ከዚያ በፊት ደውዬላቸው ለማላውቅ ሰዎች ሁሉ ደወልኩ። ናፍቃችሁኛል አልኩ፤ አብሬያቸው ጸለይኩ። ስለ ሌላው ዕጩ ሲነሣ «የተወደደ ወንድም ነው፤ ብቻ በጸሎት እናስበው» አልኩ። የሐሰት ቃል ከአፌ አልወጣም። ሰሚው ምን እንደሚጠረጥር ግን አውቅ ነበር። ተመረጥኩ፤ አገልግሎቱም ፍሬ ነበረው።

አሁን የወንድሜን ጥያቄ መመለስ የምችል ይመስለኛል። ሐሜቱ የካሮ ወፍራም መጽሐፍ አይደለም። ሐሜቱ ያቺ በጸሎት የተጠቀለለች የእኔ አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ምስክር አልነበራትም፤ ወንድሜም ራሱን መከላከል አይችልም ነበር።

ሄጄ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ያኔ ሰዎች ለምን እንደሚሸሹኝ አይገባኝም ነበር» አለኝ። ይቅርታም አደረገልኝ። ለደወልኩላቸው ሁሉ ግን ገና አልተናገርኩም። ብዙዎቻችሁ ይህን መጽሔት ታነባላችሁ። ስለዚያ ወንድም ያልኩት መሠረት አልነበረውም።

የመሪዎችን ታሪክ አንብቡ፤ ክፉውንም መልካሙንም። ስታነቡ ግን ናታን ለዳዊት ስለ አንዲት በግ የነገረውን ምሳሌ አስታውሱ። ንጉሡ በሌላ ሰው ላይ ሲቆጣ፣ ታሪኩ የራሱ መሆኑን ገና አላወቀም ነበር።